እንዲሁ የሚጠፋ ኮምፒውተር የለም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ምሳሌ የተነገረው ስለ ሰው ነው፤ ነገር ግን በዛሬው ጊዜ በየቤቱ ከምናያቸው መሣሪያዎች መካከል እንደ ኮምፒውተር በሽታውን የሚደብቅ የለም። ሰው ቢታመም ያቃስታል፤ መኪና ሊበላሽ ሲል ይጨሳል ወይም ይንኳኳል፤ ኮምፒውተር ግን በደኅና ሲሠራ ቆይቶ በድንገት ድርግም ይላል። ጥቂት ቆይቶም ምንም እንዳልደረሰበት ሆኖ ይነሣል። በተለይም ለጌም የሚሠራው ኮምፒውተር ከሌላው ይልቅ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚስብና ብዙ ሙቀት የሚያወጣ ስለ ሆነ፣ ይህ ሕመም ይበረታበታል።

የእኅቴ ልጅ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር አለው። የሠርግ ቪዲዮ እያቀናበረ ባገኘው ገንዘብ ዕቃውን አንድ በአንድ ገዝቶ የገጣጠመው ነው። ቀን ይተዳደርበታል፤ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ጌም ይጫወትበታል። ይህ ኮምፒውተር በየሳምንቱ ሦስት አራት ጊዜ በድንገት መጥፋት በጀመረ ጊዜ፣ በቤቱ ውስጥ ፈጥኖ ፍርድ ተሰጠ። አባቱ «ያበላሸው ጌሙ ነው፤ ተሽጦ ይገላገል» አለ። እናቱ «ሌሊቱን ሙሉ ስለሚሠራ ደክሞት ነው» አለች። ጠጋኙም ጥቂት አይቶ «ግራፊክስ ካርዱ አልቆለታል፤ ሌላ ይገዛ» አለ። ግራፊክስ ካርድ ማለት ደግሞ በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ ዋጋው የከበደው ነው፤ ልጁ በብዙ ወር ያጠራቀመውን አንድም ሳያስቀር ይወስዳል። በሌላ በኩል ለሙሽሮቹ ቀን ቈርጦ ቃል ገብቶላቸው ነበር። ስለዚህ ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የእንጀራው ጉዳይ ነበር።

ምክር ሊጠይቀኝ በመጣ ጊዜ «ጋሼ፣ ሲሻው ነው እኮ የሚጠፋው፤ ሰዓትም ምክንያትም የለውም» አለኝ።

እኔ ግን «ሲሻው» የሚለውን ቃል አልተቀበልሁትም። ሽቦና ብረት ፈቃድ የለውም። «እንዲሁ ጠፋ» ስንል፣ የጠፋበትን ሁኔታ አልመዘገብንም ማለታችን ነው። ስለዚህ ማንኛውም ዕቃ ከመፈታቱም ሆነ ከመገዛቱ በፊት አንድ ደብተር እንዲይዝና አምስት ነገሮችን እንዲጽፍ ነገርሁት፤ እነርሱም ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ኮምፒውተሩ ይሠራው የነበረው ሥራ፣ የአጠፋፉ ዐይነት፣ እንዲሁም በዚያች ሰዓት በቤቱ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሌላ ነገር ናቸው።

ከእነዚህ ከአምስቱ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የአጠፋፉን ዐይነት ነው። ዳሩ ግን ኮምፒውተር ሁሉ አንድ ዐይነት አጠፋፍ የለውም። ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ እንደ ገና የሚነሣ ከሆነ፣ ጥርጣሬው በይበልጥ ወደ ራም ወይም ወደ ሶፍትዌር ይሄዳል። እንዲህ ሲሆን ዊንዶውስ በራሱ እንዳይነሣ ትእዛዙን መለወጥ ይገባል፤ አለዚያ መልእክቱ ሳይነበብ ይጠፋል። ማራገቢያዎቹ እየጮኹ፣ ሥራው እየተንቀራፈፈ ሄዶ የሚጠፋ ከሆነ፣ ሙቀት ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል። አንዳችም ምልክት ሳያሳይ፣ እፍ እንዳሉት ኩራዝ ድርግም የሚል ከሆነ ግን፣ አስቀድሞ የሚመረመረው የኤሌክትሪኩ መንገድ ነው።

ዊንዶውስ በራሱ መዝገብ ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚል ጽሑፍ ይተዋል። ብዙ ሰዎች ይህን ባዩ ጊዜ በሽታው ታወቀ ብለው ደስ ይላቸዋል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ የሚናገረው ኮምፒውተሩ በሥርዐት ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ነው። መርዶ ነው እንጂ የሐኪም ምስክር ወረቀት አይደለም።

ልጁ ደብተሩን እየጻፈ ሳለ፣ ምንም ወጪ የማይጠይቁትን ምርመራዎች በየተራ አደረገ። ሁለት ነገር በአንድ ቀን እንዳይለውጥ አጥብቄ ነግሬው ነበር፤ ሁለት መድኃኒት ባንድ ጊዜ የዋጠ በሽተኛ የትኛው እንዳዳነው አያውቅምና። መጀመሪያ አቧራውን ጠረገ፤ ከዚያም ጌም እየተጫወተ ሙቀቱን ተመለከተ። የዘመኑ ፕሮሰሰሮች አብዛኛዎቹ 95 ወይም 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ፤ ከዚያ ካለፈ ራሳቸውን ለማዳን ይጠፋሉ። የእርሱ ግን ከ75 ዲግሪ አላለፈም። ቀጥሎ ሜምቴስት86 በተባለው ፕሮግራም ራሙን ሌሊቱን ሙሉ መረመረ፤ አንድም ስሕተት አልተገኘም።

አልፎ አልፎ ጉድለቱ ከፋብሪካው ይመጣል። ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ከሚባሉት የጠረጴዛ ኮምፒውተር ፕሮሰሰሮቹ አንዳንዶቹ ከሚገባው በላይ ቮልት እየጠየቁ እንደሚጎዱ አምኖ፣ ማስተካከያ ማይክሮኮድ አውጥቶላቸዋል፤ የዋስትናውንም ዘመን በሁለት ዓመት አራዝሟል። የልጁ ፕሮሰሰር ግን ከእነዚህ ወገን አልነበረም።

ሁለት ሳምንት ሲሞላ ደብተሩ ተከፈተ። ኮምፒውተሩ ሰባት ጊዜ ጠፍቷል፤ ሰባቱም ጊዜ ያለ ሰማያዊ ገጽ ድርግም ብሎ ነው። ከሰባቱ ስድስቱ ማክሰኞና ቅዳሜ ማታ ሆነው ተገኙ። በአምስተኛው ዐምድ ላይም በእነዚያ ምሽቶች ሁሉ አንድ ዐይነት ቃል ተጽፎ ነበር፤ ቃሉም «እንጀራ» የሚል ነው። በሰባተኛው ቀን እኅቴ አልጋገረችም። ተጠይቆ ሲታይ ግን በዚያ ምሽት በዚያው ግቢ የምትኖርና ከአንድ ቆጣሪ የምትጠቀም ጎረቤት ለማኅበር ድግስ ትጋግር ኖሯል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ድረስ የሚስብ ብርቱ ዕቃ ነው። የግቢው ሽቦ ቀጭን ከሆነ፣ ምጣዱ ሲበራ የሌላው ክፍል ቮልት ይወርዳል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ ቢለካ፣ 220 መሆን የሚገባው ቮልት ምጣዱ በበራ ጊዜ ወደ 180 ዝቅ አለ። ኤሌክትሪኩን ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለው ሣጥን፣ ማለትም ፓወር ሰፕላዩ፣ ከልጁ የቀድሞ ኮምፒውተር የተወሰደ አሮጌ ነበር። በጎኑ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ከ200 እስከ 240 ቮልት የሚል ተጽፏል። እንግዲህ 180 ከድንበሩ ውጭ መሆኑ ነው።

በዚህ ሣጥን ውስጥ ካፓሲተር የሚባሉ፣ ኤሌክትሪክን ለቅጽበት የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች አሉ። ደኅና ፓወር ሰፕላይ መብራት ቢቋረጥበት እንኳ ከአንድ ሰከንድ ሺህ እጅ 16ቱን ያህል ኮምፒውተሩን ይዞ ይቆያል። ካፓሲተሮቹ በዕድሜና በሙቀት ብዛት ሲደክሙ ግን ይህ ስንቅ ያልቃል። ግራፊክስ ካርድ ደግሞ በጌም መካከል በቅጽበት ብዙ ኃይል ይጠይቃል፤ ስለዚህም ነው በ2014 ዓ.ም. የወጣው ኤቲኤክስ 3.0 የተባለው ደንብ፣ ለአዲሶቹ ካርዶች የሚሠራው ፓወር ሰፕላይ ለእጅግ አጭር ጊዜ ከተጻፈበት ኃይል እጥፍ እንዲችል የወሰነው። ምጣዱ ለዓመታት በዚያ ቤት ሲኖር ሕመሙ አሁን ብቻ የተገለጠውም፣ ሣጥኑ ቀስ በቀስ በመድከሙ ነው።

ነገሩ በግምት እንዳይቀር፣ ልጁ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ፓወር ሰፕላይ ከጓደኛው ተዋሰ። ቅዳሜ ማታ ምጣዱ እየነደደ ሦስት ሰዓት ተጫወተ፤ ኮምፒውተሩ አልጠፋም። አሮጌውን መልሶ ባስገባ ጊዜ ግን ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድርግም አለ። በሽታን ማዳን ብቻ ሳይሆን፣ መልሶ ማምጣትም ሲቻል ምክንያቱ በእርግጥ ታወቀ ማለት ይቻላል።

ልጁ አዲስ ፓወር ሰፕላይ በግራፊክስ ካርዱ ዋጋ ጥቂት እጅ ገዛ። ምጣዱም የራሱ ወፍራም ሽቦ ተሳበለት። ሞተ የተባለው ካርድ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ የሠርጉም ቪዲዮ በቀኑ ደረሰ። አባቱም ስለ መሸጥ ማንሣቱን ተወ።

እንዲህ ያለ ችግር ለሚገጥመው ሁሉ የምመክረው ይህ ነው። ከማይከፈልበት ጀምሮ ወደሚከፈልበት፣ ከርካሹ ወደ ውዱ በተራ መሄድ ይገባል። ደብተርና እርሳስ ይቅደሙ፤ ከዚያ አቧራው፣ ሙቀቱ፣ ራሙ፣ ሶኬቱና ማከፋፈያው ይታዩ፤ ከዚያም የተዋሱትን ዕቃ ለውጦ መሞከር ይከተል፤ ግዢ የመጨረሻው ይሁን። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን ማንም እንዳይከፍተው፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በካፓሲተሮቹ ውስጥ ሰውን የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ሊቀር ይችላል። ከሁሉም በላይ፣ ዕቃውንም ሆነ የዕቃውን ባለቤት ከመፍረድ በፊት መዝገቡ ይነበብ።