የአንድ ሜትር ዘንግ ጥላ



ከምንማራቸው ትምህርቶች ሁሉ «ምን ይጠቅመኛል?» የሚል ጥያቄ የሚበዛበት ሒሳብ ነው። እኔም ከጠያቂዎቹ አንዱ ነበርሁ። ይልቁንም ሁለት ትይዩ መስመሮችን ሌላ መስመር ሲቆርጣቸው ስለሚፈጠሩት ስምንት ማዕዘኖች በተማርን ጊዜ፣ ይህ ነገር ከሰሌዳው ወርዶ በሰው ኑሮ ውስጥ የሚገባበት በር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ትምህርቱ ራሱ አስቸጋሪ አይደለም። በግድግዳ ላይ የተደገፈ መሰላል ተመልከቱ። መወጣጫዎቹ እርስ በርሳቸው ትይዩ ናቸው፤ የጎኑ እንጨት ግን ሁሉንም ይቆርጣቸዋል። የጎኑ እንጨት ከታችኛው መወጣጫ ጋር የሚሠራው ማዕዘንና በዚያው ወገን ከላይኛው ጋር የሚሠራው ማዕዘን እኩል ናቸው፤ እነዚህን ተጓዳኝ ማዕዘኖች እንላቸዋለን። በሁለቱ ትይዩ መስመሮች መካከል ሆነው፣ አንዱ በቆራጩ መስመር ግራ፣ ሌላው በቀኝ፣ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች የሚገኙት ደግሞ ተለዋጭ ማዕዘኖች ናቸው፤ እነርሱም እኩል ናቸው። በአንድ ወገን ያሉት ሁለት የውስጥ ማዕዘኖች ግን ሲደመሩ 180 ዲግሪ ይሆናሉ። ይህን ሁሉ እንደ ዳዊት በቃሌ ይዤ ለፈተና ጻፍሁ፤ ሙሉ ነጥብም አገኘሁ። ነገር ግን ከልቤ አልገባኝም ነበር።

የገባኝ በጥላ ምክንያት ነው። ጥላን አስቀድመው ያስተማሩኝ ግን አያቴ ናቸው። አያቴ በወገራ ደጋ፣ በደባት አካባቢ የሚኖሩ፣ ቤተ ክህነት የተማሩ ሽማግሌ ናቸው። በጾም ቀን ሰዓቱ መድረሱን ለማወቅ የሚመለከቱት የእጅ ሰዓት ሳይሆን የራሳቸውን ጥላ ነው። በሜዳ ላይ ቀጥ ብለው ይቆሙና የጥላቸውን ጫፍ ምልክት አድርገው፣ ተረከዝና ጣት እያገጣጠሙ ስንት ጫማ እንደ ሆነ ይቆጥራሉ። ቁጥሩ በየወሩ የተለያየ መሆኑንም ያውቃሉ። በልጅነቴ «በሚያዝያ እኩሌታ፣ በቀትር፣ ጥላ ከጫማ ሥር ትገባለች፤ ያን ጊዜ የሚቆጠር ነገር የለም» ሲሉኝ እስቅ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ከፋሲካ በፊት የሒሳብ መምህራችን የኤራቶስቴንስን ታሪክ ነገሩን። ይህ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኀላፊ ነበር። ከእስክንድርያ በስተ ደቡብ፣ የእኛው ዓባይ በሚያልፍባት በዛሬዋ አስዋን፣ በዓመት አንድ ቀን በቀትር የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ እስከ ጉድጓድ ውስጥ ድረስ እንደሚገባ ሰምቶ ነበር። በዚያው ቀን በእስክንድርያ የቆመ ነገር ግን ጥላ አለው። የጥላውን ማዕዘን ቢለካው የክብ 50ኛ እጅ፣ ማለት 7 ነጥብ 2 ዲግሪ ሆነ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት በዘመኑ መለኪያ 5,000 ስታዲያ ስለ ነበረ፣ ይህን በ50 አባዝቶ የምድር ዙሪያ 250,000 ስታዲያ ነው አለ።

ይህን ስሰማ የአያቴ ቃል ትዝ አለኝ። እጄን አንሥቼ፣ «በጎንደርም እኮ በሚያዝያ ጥላ ይጠፋል!» አልሁ። መምህራችንም ፈገግ ብለው፣ «እንግዲያስ ጎንደር አስዋን ትሁን፤ እስክንድርያን አንተ ፈልግ» አሉኝ። እስክንድርያዬ አዲስ አበባ ሆነች፤ በዚያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለችኝና።

አሁን ነገሩን በሐሳባችሁ ሣሉ። ፀሐይ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ላይ የሚወርዱት ጨረሮች ትይዩ ናቸው ብንል አንሳሳትም። ፀሐይ በጎንደር አናት ላይ በቆመች ጊዜ፣ በጎንደር የሚወርደው ጨረር ምድርን ሰንጥቆ መሄድ ቢችል ወደ መካከሏ ይደርስ ነበር። በአዲስ አበባ ቀጥ ብሎ የተተከለ ዘንግም ወደ ታች ቢረዝም እንዲሁ ወደ ምድር መካከል ይደርሳል። ስለዚህ ሁለቱ ጨረሮች ትይዩ መስመሮቻችን፣ የአዲስ አበባው ዘንግ ደግሞ ቆራጩ መስመር ነው። በዘንጉ ጫፍ ላይ በዘንጉና በጨረሩ መካከል ያለው ማዕዘንና በምድር መካከል ያለው ማዕዘን ተለዋጭ ማዕዘኖች ናቸው፤ ስለዚህም እኩል ናቸው። ከእግራችን በታች 6,370 ኪሎ ሜትር ያህል ጠልቆ ያለውን፣ ማንም ሰው ያልደረሰበትን ማዕዘን፣ አንዲት ተማሪ በግቢዋ ቆማ ልትለካው ትችላለች ማለት ነው! ይህን በተረዳሁ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ማክሰኞ ሚያዝያ 14 ቀን ለልምምድ አንድ ሜትር ዘንግ በግቢያችን ተከልሁ። ቀጥ ማለቱን በግንበኛ ቱምቢ አረጋገጥሁ። ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ብመለከት፣ ጥላው አልጠፋም፤ ወደ ምዕራብ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ተዘርግቷል። አያቴም ኤራቶስቴንስም ተሳስተዋል ብዬ ተስፋ ቈረጥሁ። ለመምህራችን ስልክ ደውዬ ብነግራቸው ሳቁ። የአገራችን ሰዓት የተቀመረው በ45ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ እርሱም በሶማሌ ክልል ያልፋል። ጎንደር ግን በ37 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ አንድ ዲግሪ ለማቋረጥ 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት፣ የጎንደር ቀትር ከሰዓታችን 30 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ወደ 2 ደቂቃ ይቀነስለታል። ስለዚህ እውነተኛው ቀትር ስድስት ሰዓት ከ28 ደቂቃ ነበር። የተሳሳተው ሰዓቴን ያመንሁት እኔ ነበርሁ።

በማግሥቱ ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15 ቀን፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከስድስት ሰዓት በኋላ ጥላው እያጠረ፣ እያጠረ መጣና በ28ኛው ደቂቃ ከዘንጉ ሥር ገባ። በዚያች ደቂቃ የፋሲል ግንብ እንኳ ከሥሩ ርቆ የሚዘረጋ ጥላ አይኖረውም። የአክስቴ ልጅም አምስት ደቂቃ ቀደም ብሎ በሚሆነው በአዲስ አበባ ቀትር ለክታ ደወለችልኝ። «ጥላው ወደ ደቡብ ዞሯል፤ ስድስት ነጥብ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው። ጠርዙ ግን ደብዘዝ ያለ ነው» አለችኝ። 6 ነጥብ 5 ለ100 ሲካፈል የሚሰጠው ማዕዘን 3 ነጥብ 7 ዲግሪ ነው።

የቀረው ርቀቱ ነበር። መጀመሪያ የመኪናውን መንገድ ልወስድ አስቤ ነበር፤ እርሱ ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ይወጣል፤ በየተራራውም ይጠማዘዛል። የሚያስፈልገኝ ከሰሜን ወደ ደቡብ ያለው ርቀት ብቻ ነው። በካርታ ላይ በማስመሪያ ብለካው 395 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። አዲስ አበባ ከጎንደር ጥቂት ወደ ምሥራቅ ብታዘነብልም፣ ሁለታችንም በየከተማችን ቀትር ስለ ለካን ያ በስሌቱ አይገባም። 360ን ለ3 ነጥብ 7 አካፍዬ በ395 ባባዛው 38,400 ኪሎ ሜትር ገደማ መጣልኝ። በመጽሐፍ የተጻፈው፣ በዋልታዎቹ በኩል ሲለካ፣ 40,008 ነው።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ስጽፍ አፍራለሁ። ወደ ኋላ አሰላሁና ጥላው 6 ነጥብ 2 ቢሆን ኖሮ መልሱ 40,000 ሊሞላ እንደሚችል አገኘሁ። «ሦስት ሚሊ ሜትር ምን አላት?» አልሁና በንጹሕ ወረቀት 6 ነጥብ 2 ብዬ ገልብጬ ሰጠሁ። መምህራችን አንብበው ዝም አሉ። ቆይተውም፣ «የመጀመሪያውን ወረቀት አምጣው» አሉኝ። አምጥቼ ሰጠኋቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ከተመለከቱ በኋላ፣ «ትይዩ ያልሆኑ መስመሮችን ትይዩ ናቸው ብትል ማዕዘኖቹ እኩል ይሆኑልሃልን? የመነሻህ ነገር ሐሰት ከሆነ የመልስህ ማማር ምን ይረባሃል? ደግሞስ ይህች ልጅ በፀሐይ ቆማ የለካችውን ለምን ትሰርዝባታለህ?» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ ነበር።

ከዚያም ሦስቱ ሚሊ ሜትር ከየት እንደ መጡ አብረን መረመርን። ፀሐይ ነጥብ አይደለችም፤ በሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት አላት። በዚህ ምክንያት የአንድ ሜትር ዘንግ የጥላው ጠርዝ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ይደበዝዛል። የዘንጉ ጫፍ በ3 ሚሊ ሜትር ቢያዘነብልም ያው ስሕተት ይመጣል። እንግዲህ የአክስቴ ልጅ «ደብዘዝ ያለ ነው» ስትለኝ የስሕተቱን ምክንያት ነግራኝ ነበር፤ እኔ ግን አላዳመጥኋትም። ስልክ ደውዬ ያደረግሁትን ነገርኋትና ይቅርታ ጠየቅኋት። በክፍል ፊትም 38,400 ብዬ አነበብሁ፤ ከእውነተኛው በ100 እጅ 4 ያህል ያነሰ መሆኑንና ምክንያቱን ጨምሬ ተናገርሁ።

ከተማችን ለመለካት እንግዳ አይደለችም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1770 ዓ.ም. ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ የሰማይ አካላትን ከፍታ የሚለካበትን መሣሪያ አስይዞ ጎንደር ገብቶ ነበር። በ1838 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጣው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲም ከተራራ ወደ ተራራ እያነጣጠረ ማዕዘን በመለካት ለካርታ ሥራ ብዙ ደክሟል። እነርሱ ባሕር ተሻግረው መጥተው የለኩትን ምድር፣ እኛ በላይዋ ተወልደን በዘንግ እንኳ ሳንለካት ብንቀር አያሳዝንምን?

ክረምት ላይ ወደ ደባት ሄጄ ይህን ሁሉ ለአያቴ ነገርኋቸው። በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ፣ «ለመሆኑ በጫማ ስንት ሆነ?» ሲሉ ጠየቁኝ። የእግራቸውን ርዝመት ለክቼ ባሰላው ከ150 ሚሊዮን ጫማ በላይ ሆነ። «ይህን ያህል ጾም አያስፈልግም» ብለው ሳቁ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፤ በነሐሴ እኩሌታም ፀሐይ ዳግመኛ በአናታችን ታልፋለች፤ ደመናው ግን አያስለካም። ስለዚህ ለመጪው ሚያዝያ 15 ዘንግና ቱምቢ አዘጋጁ፤ በሌላ ከተማ ያለ ዘመዳችሁንም ቀስቅሱ። ያገኛችሁትንም ቁጥር፣ ቢያምርም ባያምርም፣ እንዳለ ጻፉት። እውነትና ንጋት እያደረ ይጠራል ይባላልና።