«የቻይና ነው»

አማርኛችን ለረጅም ጊዜ እንደ ስድብ የተገለገለበት አንድ የአገር ስም አለ። ጫማው በሦስተኛው ቀን አፉን ከከፈተ፣ «ተወው፣ የቻይና ነው»። ጃንጥላው በመጀመሪያው ንፋስ ከተገለበጠ፣ «ምን ይደረግ፣ የቻይና ነው»። ሁለት ሲም ይዞ፣ ባትሪ አብርቶ፣ ሬዲዮ ከፍቶ፣ ቴሌቪዥን አሳይቶ በስድስተኛው ወር ጸጥ ላለ ስልክማ ማብራሪያም አያስፈልገውም ነበር። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ቃል ከነገሩ ኋላ ሲቀር ማየት ልማዴ ነበርና ይቺን አባባል ለዓመታት ተከታትያታለሁ። እኛ «የቻይና ነው» እያልን ስንሳሳቅ፣ ሳቃችንን ከአንዱ ስልክ ተቀብሎ ለሌላው የሚያደርሰው ማሽን ራሱ የቻይና ሆኖ ቁጭ አለ። ያውም የወዳደቀው ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ሁዋዌ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 የስዊድኑን ኤሪክሰን ቀድሞ የዓለም ትልቁ የቴሌኮም ዕቃ አምራች ለመሆን በቅቷል።

እኔ የምኖረው ፉሪ ነው። ከሃይሌ ጋርመንት አለፍ ብሎ፣ አዲስ አበባ «አበቃሁ» ብላ ሳትጨርስ ሰበታ «ጀመርኩ» የምትልበት ቦታ። በ2015 ደግሞ ሸገር ከተማ የሚል ሦስተኛ ስም ስለተጨመረልን አድራሻችንን ስንጠየቅ መልሳችን እንደ ጠያቂው ይለያያል። ትናንት ጤፍ የነበረው ማሳ ላይ ዛሬ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ቆሟል፤ ከቤቱ ጀርባ የስልክ ታወር፣ ከታወሩ ሥር በግ። ወደ ለቡ በኩል ቻይናዎች የሠሩት የጅቡቲው ባቡር ጣቢያ አለ። በመስከረም 2009 ባቡሩ ሲመረቅ የሰፈራችን ስም በጣቢያው መጠሪያ ውስጥ መግባቱ ትንሽ አኩርቶናል። ዳር የሚኖር ሰው በትንሽ ነገር ይኮራል።

ዳር መኖርን ያነሣሁት በምክንያት ነው፤ የዚህ ኩባንያ ታሪክም የዳር ታሪክ ነውና። ሼንዘን እ.ኤ.አ. በ1980 ልዩ የኢኮኖሚ ቀጣና ከመባሏ በፊት የሆንግ ኮንግን ድንበር ተጠግታ የተቀመጠች የገበሬና የዓሣ አጥማጅ ቀበሌ ነበረች ማለት ይቻላል። ሬን ዠንግፌይ የሚባል፣ ከጦር ሠራዊቱ የምህንድስና ክፍል የተሰናበተ ሰው፣ በ1987 በ21 ሺህ ዩዋን ሁዋዌን ያቋቋመው እዚያ ነው። መጀመሪያ ላይ ፈጠራ የሚባል ነገር አልነበረም። ከሆንግ ኮንግ ትንንሽ የስልክ ማዞሪያ እያስመጡ መሸጥ ነው፤ መርካቶ ቢሆን ማንም ዞር ብሎ የማያየው ሥራ።

ቻይና ራሷ በዚያን ጊዜ ምን ትመስል ነበር መሰላችሁ? የሙያው ሰዎች «ሰባት አገር፣ ስምንት ሥርዓት» የምትል አባባል አለቻቸው። ከጃፓን፣ ከአሜሪካ፣ ከካናዳ፣ ከስዊድን፣ ከጀርመን፣ ከቤልጂየምና ከፈረንሳይ የተገዛ ስምንት ዓይነት ማዞሪያ በአንድ አገር ውስጥ ተኮልኩሎ፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም። በውጭ ብድር የተገዛም አለበት። ይህን ሳነብ ትዝ ያለችኝ አገር ቻይና አይደለችም።

ትልልቆቹን ከተሞች ፈረንጆቹ ይዘዋቸዋል። ሁዋዌ ታዲያ ገጠር ወረደ። ሬን ስልቱን የቀዳው ከማኦ ነው፤ ከተማን ከገጠር መክበብ። (የእኔ ታላላቆች በዚህች ሐረግ ስንት ሌሊት እንደተከራከሩ፣ ስንቶቹም ገጠሩን ሳይደርሱበት ከተማ ውስጥ እንደቀሩ እዚህ አላነሣውም። በመጨረሻ ያተረፈባት ስልክ ሻጭ መሆኑ ግን ያስቀኛል፤ ሳቁ ባይጥመኝም።) በገጠሩ አይጥ የስልክ ገመድ ይበላል። የውጭዎቹ ኩባንያዎች አይጥ የደንበኛው ጣጣ ነው ብለው ተዉት። የሁዋዌ ሰዎች ጣጣውን የራሳቸው አድርገው አይጥ የማይደፍረው ገመድና ጠንካራ ዕቃ ሠሩ። ጎተራ ያለው ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። እኔ ስለዚህ ኩባንያ ካነበብኩት ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረችው ይቺ አይጥ ናት። ከዚያ በኋላ ያለው ይታወቃል። የራሳቸውን ትልቅ ዲጂታል ማዞሪያ ሠርተው ከተማ ገቡ፤ ከከተማ ወደ ሩሲያ፣ ወደ አፍሪካ፣ ወደ ላቲን አሜሪካ አመሩ። መሐንዲሶቹ ጠረጴዛቸው ሥር ፍራሽ አኑረው ቢሮ ያድሩ ነበር። እነ ኖርቴል እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰሩ፤ ሉሰንት አልካቴል ውስጥ ገባ፣ አልካቴል ደግሞ ኖኪያ ውስጥ።

ጻድቃን ነበሩ ማለቴ አይደለም። የአሜሪካው ሲስኮ በ2003 «ሶፍትዌሬን ገልብጠዋል» ብሎ ከሷቸው በዓመቱ በስምምነት አልቋል። መንግሥታቸውም ከኋላቸው ቆሟል። የቻይና ልማት ባንክ በ2004 የሁዋዌን ዕቃ ለሚገዙ የውጭ ደንበኞች የሚውል የ10 ቢሊዮን ዶላር ብድር አዘጋጅቷል። እዚህ ላይ ነው እኛ የምንገባው።

ዱቤን ለፉሪ ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ሰፈራችን ያለው ትልቁ ሱቅ በጥሬ ብር ይሸጣል፤ ዋጋውም ደህና ነው። ግን የወር ደመወዝ ሲያልቅ ሁላችንም የምንሄደው ደብተር ወዳለው ትንሹ ሱቅ ነው። ደብተሩ ላይ ስሙ የተጻፈ ሰው ደግሞ «ይኼ ዘይት ይቅርብኝ፣ ያኛውን አምጣ» አይልም። የተሰጠውን ይዞ፣ አመስግኖ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ይወጣል።

አገራችን የስልክ ዱቤ የጀመረችው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1951 ከዓለም ባንክ ለቴሌኮሙኒኬሽን 1.5 ሚሊዮን ዶላር ተበድራለች፤ ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች አንዱ ነው። በ2006 ደግሞ ሚሌኒየማችን ሊገባ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው፣ የያኔው ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ከሁዋዌ የከተማ ጎረቤትና ተፎካካሪ ከዜድቲኢ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ውል ተፈራረመ። ሁለቱን ቁጥሮች የሚለያያቸው ሦስት ዜሮ ነው። የመጀመሪያው ብድር ዘመን የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርዱ የተቋቋመበት፣ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እርዳታ የሙያ ማሠልጠኛ የተከፈተበት ዘመን ነበር። የሁለተኛው ብድር ጊዜ ገንዘቡም ዕቃውም ገጣጣሚውም ከአንድ ደጅ መጣ፤ ጨረታ የለም፣ ተወዳዳሪ የለም። በ2013 (በእኛ በ2005 መሆኑ ነው) ሁለተኛ ዙር ሲመጣ 1.6 ቢሊዮን ዶላሩ ለሁዋዌና ለዜድቲኢ እኩል ተከፈለ፤ አሁንም በዱቤ። በዓመቱ ኢትዮ ቴሌኮም ከዜድቲኢ ጋር በዋጋ ሳይስማማ ቀረና የድርሻውን ከፊል ለኤሪክሰን ሰጠ። ምርጫ ያለው ሰው እንዴት እንደሚነጋገር ያኔ በጭላንጭል አየን።

አንድ የድሮ ባልደረባዬ ይህን ስነግረው ተቆጣኝ። «አንተ አዲስ አበባ ጥግ ተቀምጠህ ጨረታ ትላለህ። ፈረንጆቹ ለደብረ ማርቆስ ገጠር ዱቤ ይሰጡ ነበር?» አለኝ። እውነቱን ነው። እናቴ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ባለች መንደር ነው የኖረችው። ሞባይል አዲስ አበባ የገባው በ1991 ነው፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ሲም ካርድ ተመዝግበው፣ ወረፋ ጠብቀው፣ አማላጅ ፈልገው የሚያገኙት ሀብት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 አገሩ በሙሉ አንድ ሚሊዮን ገደማ የሞባይል ደንበኛ ነበረው፤ በ2013 ከ20 ሚሊዮን አልፏል። እናቴ ከነዚያ አንዷ ነበረች። ስልኩን እንደ ሕፃን በነጠላ ጠቅልላ ታስቀምጠው ነበር፤ ስደውል ከመንደሩ ዛፍ ሥር ቆማ እየጮኸች ታወራኛለች። የመጨረሻ ዓመታቷን ድምፅ የሰማሁት በዚያ መስመር ነውና በቻይናዎቹ ላይ አፌን ሞልቼ መናገር አይሆንልኝም።

ግን መስመሩ የሚቆረጥም ነበር፤ ሲቆረጥ ደግሞ ሁልጊዜ በአይጥ አይደለም። ከ1997 ምርጫ በኋላ አጭር የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ እስከ 2000 መግቢያ ድረስ አልተከፈተም። ሂውማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ባወጣው ሪፖርት መንግሥት የዜጎችን የስልክ ዝርዝርና ንግግር እንዴት በቀላሉ እንደሚያገኝ ጽፎ፣ የዜድቲኢን የደንበኞች አስተዳደር ሥርዓት በስም አንሥቷል። ለሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ ደግሞ በጥር 2010፣ ቻይና ሠርታ ያበረከተችው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ መረጃ ለአምስት ዓመት ሌሊት ሌሊት፣ ከ6 እስከ 8 ሰዓት፣ ወደ ሻንጋይ ሲገለበጥ ነበር ብሎ ዘገበ። ቻይናም ኅብረቱም አስተባብለዋል። ማንን እንደምታምኑ እናንተ ታውቃላችሁ። እኔን የቆረቆረኝ ሌላ ነው። የሚገለበጥ ነገር እንኳ ቢኖር፣ ከኛ ወገን ዕቃውን ከፍቶ «አዎ» ወይም «የለም» ብሎ በሙያው የሚምል ስንት ሰው አለን?

እዚህ ላይ ወደ ሁዋዌ ልመለስ፤ ከታሪኩ ውስጥ እኛ ዘልለነው ያለፍነው ገጽ አለና። እ.ኤ.አ. በ1998 ሬን ዠንግፌይ አይቢኤምን ቀጥሮ «እንዴት እንደምትሠሩ አስተምሩን» አለ። ዓመታት የፈጀ፣ እጅግ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ትምህርት ነበር። ሠራተኞቹ «ለቻይና አይሆንም» ብለው ሲያጉረመርሙ፣ ጫማው ካልሆነን እግራችንን እንቆርጣለን እንጂ ጫማውን አንቀድም ማለቱ ይነገራል። ዛሬ ከ200 ሺህ ከሚበልጡት ሠራተኞቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በምርምር ላይ ናቸው፤ በ2023 ከገቢው 23 ከመቶ በላይ ያዋለው ለምርምር ነው። ይህን ያነሣሁት ላሞግሰው አይደለም። እሱም ገዢ ነበር፤ ሲገዛ ግን ከዕቃው ጋር ዕውቀቱን ቆጥሮ ይገዛ ነበር።

ዕውቀቱም ቢሆን ካልተሟላ ዋጋ ያስከፍላል። በሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለዜድቲኢ ዕቃ እንዳይሸጥ ስትከለክል፣ ያ እኛን በቢሊዮን ያበደረን ግዙፍ ኩባንያ በሳምንታት ውስጥ ዋና ሥራውን አቁሞ ነበር፤ የዳነው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ከፍሎ ነው። በዓመቱ ተራው የሁዋዌ ሆነ። ሁዋዌ ተንገዳገደ እንጂ አልወደቀም፤ በነሐሴ 2023 ቻይና ውስጥ የተሠራ ቺፕ ያለው ስልክ ይዞ ብቅ አለ። አበዳሪዎቻችን እንዲህ ከተንቀጠቀጡ የእኛ ነገር እንዴት ነው? በግንቦት 2013 የተጀመረው ቴሌብር የቆመው ከሁዋዌ በመጣ ሥርዓት ላይ ነው። ከ50 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦበታል፤ ነዳጅ የሚቀዳው በእሱ፣ የመንግሥት ክፍያ የሚፈጸመው በእሱ ነው። ባለ ደብተሩ ሱቅ እንኳ አሁን «በቴሌብር ላከው» ይላል። በ2015 ሳፋሪኮም ሥራ ሲጀምር ተወዳዳሪ አገኘን ብለን ደስ ብሎናል፤ ተገቢ ነው። እኔ የምጠይቀው ግን የሲም ካርዱን ቀለም አይደለም።

የጎረቤቴ ልጅ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቆ፣ ስሙን ለማልጠራው ንዑስ ተቋራጭ ታወር ላይ በኮንትራት ይሠራል። ባለፈው ቅዳሜ ቡና ስንጠጣ፣

«ይኼ ከቤታችሁ ጀርባ ያለው ካቢኔት ቢበላሽ ብቻህን ትጠግነዋለህ?» አልኩት።

«ካርዱን አወጣና ሌላ ካርድ እከትበታለሁ ጋሼ።»

«የወጣውንስ?»

«አሽጌ እልካለሁ። መክፈት አይፈቀድም።»

«ወዴት ነው የምትልከው?»

«ወደ መጋዘን። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።»

«ሶፍትዌሩስ?»

«እሱ ከላይ ነው የሚመጣው» ብሎ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ። እናቱ ከማዶ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፤ ስለ ዝናብ የምናወራ መስሏቸው።

ሁዋዌ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ሥልጠናና ውድድር ያካሂዳል፤ ልጁም በራሱ ወጪ የኩባንያውን የምስክር ወረቀት ፈተና ሊወስድ እያጠና ነው። ጎበዝ ነው። ነገር ግን ሻጭ የሚያስተምራችሁ የሸጠላችሁን ዕቃ አጠቃቀም ነው፤ አሠራሩን ማስተማር የገዢው ፈንታ ነው፤ ውል ሲፈረም «ይኼ ካቢኔት ሲከፈት የእኛም ልጅ አብሮ ይኑር» ብሎ ማስጻፍ። በሚቀጥለው ውል ላይ እንዲህ ያለ አንድ ገጽ ብትኖር ዋጋው ላይ አልከራከርም ነበር።

ልጁ ቡናውን ጨርሶ ተነሣ። ማታ ሥራ አለው፤ ስልክ የሚደውል ሰው በሚያንስበት ሰዓት ሶፍትዌር ይቀየራል። ላፕቶፑን ገመዱ ላይ ሰክቶ ታወሩ ሥር፣ ከበጎቹ አጠገብ፣ ይቀመጣል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የይለፍ ቃሉ በስልክ ይላክለታል። 11 ሰዓት ላይ ይቀየራል።