ሁለት ጣባ፣ አንድ ቆጮ



ክትፎ የሚበላበት ከተማ ብዙ ነው። ቡታጅራ ሲደርስ ግን ለክትፎ ብሎ መኪናውን የሚያቆም መንገደኛ አይጠፋም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጉራጌ ተራሮች ምሥራቃዊ ግርጌ የምትገኘው ይህች ከተማ፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት።

አንድ ቅዳሜ የመምህራን ሥልጠና ጨርሰን ቁርስ ሳንቀምስ ረፈደብን። ቁርስና ምሳውን አንድ ላይ እናድርገው ብዬ የሥራ ባልደረባዬን ስሙ ወደ ገነነ የሙስሊም ምግብ ቤት ይዤው ገባሁ። ከጓዳ የቢላዋውና የመክተፊያው ድምፅ ይሰማል። ጅማትና ስብ የሌለው ቀይ ሥጋ በደቃቁ ተከትፎ፣ ለብ ባለ ንጥር ቅቤ፣ በሚጥሚጣና በኮረሪማ ይለወሳል። በጣባ ሲቀርብም አይብ፣ ጎመንና በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ የተጋገረ ቆጮ ይከተሉታል። እኔ የበሰለውን አዘዝኩ፤ ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል እንደሚያስተላልፍ እያስተማርኩ ጥሬውን ብበላ ተማሪዎቼ ምን ይሉኛል?

ቢስሚላህ ብዬ እጄን ስሰድ ባልደረባዬ ከጣባው ራቅ ብሎ ቆጮውን በአይብ ብቻ ሲበላ አየሁ። ያን ጊዜ ደነገጥኩ። እርሱ ክርስቲያን ነው። በአገራችን ልማድ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑም የሙስሊሙን እርድ አይበላም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ እያወቅሁ፣ የራሴን ረሃብ ብቻ አዳምጬ «አንተስ የት ይሻልሃል?» ሳልለው ቀረሁ።

«ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ፤ ሳልጠይቅህ ነው ያመጣሁህ» አልኩት።

«ተወው እባክህ! ቆጮውን ማን ጋገረው ብለን ተጠያይቀን እናውቃለን?» አለኝና መብላቱን ቀጠለ።

እውነቱን ነው። እንሰት ለቆጮ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ሴቶች ግንዱን ፍቀው፣ ሥሩን ቀጥቅጠው፣ የእንሰት ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ያብላሉታል። ከፍቂው የሚቀረው ቃጫ ለገመድ ይሆናል። ይህን ከባድ ሥራ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም እናት በአንድ መንገድ ነው የምትሠራው። ሙስሊሙ ለአረፋ፣ ክርስቲያኑ ለመስቀል ከያለበት ወደ አገሩ ሲገባ የሚጠብቀው ያው ቆጮ ነው።

ከሳምንታት በኋላ ከተራሮቹ በስተምዕራብ፣ በጅማ መንገድ ላይ በምትገኘው ወልቂጤ ተገናኘን። የአሁኑ ጋባዥ እርሱ ነበር። ገና እንደተቀመጥን አስተናጋጁን ጠርቶ «ለእርሱ አይብና ጎመን በተለየ ጣባ አድርግለት፤ ሥጋ የነካ ማንኪያ እንዳይገባበት አደራ» አለው። እኔ ምንም አልተናገርኩም ነበር። ቡታጅራ ላይ እኔ የረሳሁትን እርሱ ወልቂጤ ላይ አሰበልኝ። ሁለት ጣባ ቀረበ፤ ቆጮውን ግን ከመሐል አስቀምጠን አብረን ቆረስን።

ውድ አንባብያን፣ እንግዳ ስትጋብዙ ከምግቡ በፊት ጥያቄው ይቅደም። ሐላልን መጠበቅ ግዴታችን ነው፤ ሌላው በእምነቱ የሚጠብቀውን ማክበርም መልካም አደብ ነው። ልጆቻችን ሁለቱንም ከገበታችን እንዲማሩ አላህ ይርዳን።