ቋንቋን ከምንጩ መገንባት

ስለ ኮምፒዩተር ሲነሣ ዘወትር የምንሰማው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ይኸውም ዕቃው ከውጭ ይመጣል፣ ፕሮግራሙም ከውጭ ይመጣል፣ የእኛ ድርሻ የትኛውን ቁልፍ መጫን እንዳለብን መማር ብቻ ነው የሚል ነው። እኔ በዚህች ጽሑፍ ለማሳየት የምፈልገው ግን አንድ ሙሉ የፕሮግራም ቋንቋ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጻፉበት መሣሪያ ራሱ፣ ተከፍቶ ሊነበብ፣ ሊለወጥና በእጃችን ሊሠራ የሚችል ተራ ጽሑፍ መሆኑን ነው። ይህንንም የምለው በወሬ ሳይሆን ሁለት የክፍል ጓደኞቼና እኔ በሦስት ቅዳሜዎች ሠርተን ስላየነው ነው።

አስቀድሜ ስለ አንዲት ፊደል ልናገር። "በነጻ" እና "ነጻ" በሚሉት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት "በ" ብቻ ነው፤ ትርጉማቸው ግን እጅግ የተራራቀ ነው። በየኮምፒዩተሩ ተገልብጦ የምናገኘው ፕሮግራም በነጻ የመጣ ነው፤ ነጻ ግን አይደለም። ውስጡ አይታይም፣ አይነካም፣ ጊዜው ሲያልፍ ደግሞ "ፈቃድህን አድስ" እያለ ይነዘንዝሃል። ነጻ ሶፍትዌር የሚባለው ሌላ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተሰኘውን ሥራ ሲያውጅ ሐሳቡ ማንኛውም ሰው ፕሮግራሙን ለፈለገው ተግባር እንዲያውለው፣ ምንጩን እንዲያጠና፣ እንዲለውጥና ለሌላው እንዲያካፍል ነበር። በ1987 ደግሞ ጂሲሲ የተባለውን ኮምፓይለር አወጣ። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የፊንላንድ ተማሪ በ1991 ሊኑክስን ሲያወጣ የተገለገለው በዚሁ በጂሲሲ ነው።

ኮምፓይለር ማለት ሰው የጻፈውን ጽሑፍ ማሽኑ ወደሚፈጽመው ትእዛዝ የሚለውጥ ተርጓሚ ነው። እዚህ ላይ አንዱ ጓደኛችን "ታዲያ ኮምፓይለሩ ራሱ ፕሮግራም ከሆነ እሱን ማን ተረጎመው?" ብሎ ጠየቀ። መልሱ ሌላ ኮምፓይለር የሚል ነው። አዲሱ ጂሲሲ የሚሠራው ቀደም ሲል ባለው ኮምፓይለር ነው፤ እሱም ከእሱ በፊት በነበረው። እናቶቻችን ከትናንቱ ሊጥ እርሾ አስቀርተው የዛሬውን እንደሚያቦኩት ማለት ነው። የመጀመሪያው እርሾ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋልና እዚህ ላይ ልተወው።

የመረጥነው ቋንቋ ሉዋ ይባላል። ሉዋ በፖርቱጋልኛ ጨረቃ ማለት ሲሆን፣ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1993 በብራዚል፣ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ጳጳሳዊ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ሠሪዎቹ ሮቤርቶ ኢየሩሳሊምስኪ፣ ሉዊስ ኤንሪኬ ዴ ፊጌሬዶና ቫልደማር ሴሌስ ናቸው። (የመጀመሪያውን ስም ያየ ሁሉ ኢየሩሳሌምን ማስታወሱ አይቀርም።) ብራዚል ከ1977 እስከ 1992 የኮምፒዩተር ዕቃና ፕሮግራም ከውጭ እንዳይገባ አጥብቃ ትገድብ ነበር፤ ምክንያቱም አገሪቱ የራሷን ትሥራ የሚል አቋም ነበራት። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የነበረው ቴክግራፍ የተባለ ቡድን ደግሞ ፔትሮብራስ ለተባለው የነዳጅ ኩባንያ ፕሮግራም ይሠራ ነበር። ከውጭ ገዝቶ ማምጣቱ ሲያስቸግር ቡድኑ ለሥራው የሚሆኑ ሁለት ትናንሽ ቋንቋዎች ሠራ፤ አንዱ ዴል፣ ሌላው ሶል ይባል ነበር። ሶል ፀሐይ ማለት ነው። ሁለቱን የሚተካ አንድ ቋንቋ ሲመጣ እንግዲህ ከፀሐይ ቀጥሎ ጨረቃ መሆኑ ነዋ!

ይህን ስጽፍ እገዳ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። እገዳ ብቻውን ቋንቋ አይወልድም፤ ቢወልድማ ኖሮ ዓለም በቋንቋ በተጥለቀለቀች ነበር። እነዚያ ሦስት ሰዎች ከፊታቸው የተወሰነ ሥራ ነበራቸው፣ ሥራውን የሚያውቁ ነበሩ፣ የሠሩትንም አልደበቁም። ዛሬ ሉዋ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በተባለው ጨዋታ ውስጥ አለ፤ ከ2013 ጀምሮም የዊኪፔዲያ ገጾች የሚቀናበሩበት ሆኗል።

እኛ ግን የመረጥነው ለዝናው ሳይሆን ለትንሽነቱ ነው። ምንጩ ከነመመሪያው ታሽጎ ከ400 ኪሎባይት በታች ነው፤ በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ሲፈታ ወደ 30,000 የሚጠጋ የሲ ቋንቋ መስመር ይወጣዋል። 30,000 መስመር ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ሦስት ሰዎች ተካፍለው በአንድ መንፈቅ ሊያነቡት የሚችሉት ነው። አንዱ ጓደኛችን ከተማ ወርዶ 5.4 የተባለውን ዕትም በፍላሽ ይዞልን መጣ።

ሥራው የተከናወነው በኮምፒዩተር ክፍላችን፣ ኡቡንቱ በተጫነበት አሮጌ ማሽን ላይ ነው። ኢንተርኔት አልነበረም፤ አላስፈለገምም። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍተን "ሜክ" የሚለውን አንድ ቃል ጻፍን። ሜክ ማለት የአሠራር ዝርዝር አንብቦ የቱ ከየቱ በፊት መሠራት እንዳለበት የሚወስን ፕሮግራም ነው፤ ልክ እንደ ሠርግ ቤት አለቃ፣ ራሱ ወጥ አይሠራም፣ ሌላውን ያዛል። ጂሲሲ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ሲተረጉም መስመሮቹ በገጹ ላይ ይንከባለሉ ጀመር። ከዚያ ቁርጥራጮቹ በአንድ ማኅደር ተሰበሰቡ፤ በመጨረሻም ሁለት ፕሮግራሞች ወጡ፤ አንዱ ሉዋ፣ ሌላው ሉዋክ። እኛ እስኪያልቅ ሻይ እንጠጣ ብለን ተነሥተን ነበር። በሩ ጋ ሳንደርስ አለቀ።

የሠራነውን በማሽኑ ላይ ለመጫን የኃላፊው የይለፍ ቃል ይጠየቃል። "ጋሼ ቅዳሜ አይመጡም፣ ምን ይደረግ?" ስንባባል መመሪያው ውስጥ "ሜክ ሎካል" የሚል ትእዛዝ አገኘን። ይህ ሁሉንም ነገር እዚያው በራሳችን ማኅደር ውስጥ ያስቀምጠዋል። የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፣ የማንንም ዕቃ አይነካም። የይለፍ ቃል በእጁ ለሌለ ተማሪ ይህች ትንሽ ነገር አይደለችም።

እስካሁን የተናገርኩት ማንም መመሪያ ያነበበ የሚሠራው ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ ግን ምንጩን ማንበብ ጀመርን፤ ጨዋታውም እዚህ ላይ ተለወጠ። ሉዋ ለራሱ ያስቀራቸው ቃላት 22 ብቻ ናቸው። ኢፍ፣ ዜን፣ ኤልስ፣ ኤንድ፣ ሪተርን የመሳሰሉት ናቸው። እነዚህ ቃላት በአንድ ፋይል ውስጥ፣ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ፣ በትእምርተ ጥቅስ ታጥረው በተርታ ተቀምጠዋል። ተርታው እንዳይዛባ የሚያስጠነቅቅ ማስታወሻም አጠገባቸው አለ፤ ቦታቸውን ሳያናውጡ ቃሉን ብቻ መለወጥ ግን ይቻላል። ይህን ስናይ ሦስታችንም ተያየን። ቃላቱን አማርኛ ብናደርጋቸውስ?

መጀመሪያ አንድ እንቅፋት ነበር። ሉዋ እንደ ወትሮው ሲሠራ በስምና በቃል ውስጥ የሚቀበለው የላቲን ፊደል ብቻ ነው። የአማርኛ ፊደል በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ሳይሆን በባዶው ሲያጋጥመው 225 የሚል ቁጥር ጠቅሶ "ያልጠበቅሁት ምልክት" ይላል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ በተለመደው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ 225 የመጀመሪያው ባይት ነው። "ሰላም" የሚለውን ርዝመቱን ብትጠይቀው 9 የሚልህም በዚሁ ምክንያት ነው። ፊደሉን የሚቆጥረው ሌላ ተግባር አለ፤ እሱ 3 ይላል። ሆኖም ፊደላትን የሚለየውን ፋይል ስናነብ ሠሪዎቹ ለዚህ ያስቀመጡት አንዲት ማብሪያ አገኘን፤ ሉዋ ዩሲአይዲ ትባላለች። ቋንቋው ሲገነባ እሷ ከበራች ከላቲን ውጪ ያለው ፊደል ሁሉ እንደ ፊደል ይቆጠራል። ማብሪያዋ የምትሠራው ከምንጩ ለሚገነባ ሰው ብቻ ነው፤ ተዘጋጅቶ የመጣውን የሚጭን ሰው መኖሯንም አያውቅ።

ቀጥሎ የመጣው የኮምፒዩተር ሳይሆን የሰዋስው ችግር ነበር። እንግሊዝኛው "ኢፍ" ከዓረፍተ ነገሩ ፊት ይቆማል፤ የእኛ "ከሆነ" ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው። "ከሆነ ዕድሜ ከ6 ይበልጣል" የሚል አማርኛ የት አገር አለ? ቄስ ትምህርት ቤት ያለፈው ጓደኛችን ግዕዙን "ለእመ" እናድርገው አለ፤ እሱ በእርግጥ ከፊት ይቆማል፣ ግን ለሕፃናት ይከብዳል። ብዙ ከተከራከርን በኋላ መፍትሔው ሌላው ቃል ላይ ተገኘ። ሉዋ ከኢፍ ቀጥሎ "ዜን" ይፈልጋል፤ የዜን ቦታ ደግሞ በትክክል የ"ከሆነ" ቦታ ነው። ስለሆነም ኢፍን "እይ"፣ ዜንን "ከሆነ"፣ ኤልስን "ካልሆነ"፣ ኤንድን "አበቃ" አልናቸው። ፕሪንት ከ22ቱ አንዱ ስላልሆነ ምንጩን መንካት አላስፈለገም፤ "ጻፍ" የሚል ሌላ ስም ሰጠነው። እንደገና ሜክ ብለን ከገነባን በኋላ የሠራልን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦

እይ ዕድሜ > 6 ከሆነ ጻፍ("ይመዝገብ") ካልሆነ ጻፍ("ይጠብቅ") አበቃ

ማንበብ የቻለ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ይህ ምን እንደሚል አይጠፋውም። ሪተርንን "መልስ" ስናደርግ ግን ጥንቃቄ ያስፈልግ ነበር። ቃሉን በፋይሎቹ ሁሉ ስንፈልግ ቋንቋውን በንግግር መልክ የሚያስኬደው ፋይል ውስጥም ተጽፎ አገኘነው፤ ሰው 2+3 ብሎ ብቻ ሲጽፍ ፕሮግራሙ ከፊቱ ራሱ ሪተርን ይጨምርበታልና። እዚያም ለወጥነው።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን በሦስተኛው ቅዳሜ የገጠመን ነው። ጓደኛችን ከላይ "ዕድሜ" ብሎ የሰየመውን ከታች "እድሜ" ብሎ ጠራው። እኛ ብናነበው ልዩነቱን ልብ አንልም። ማሽኑ ግን "ቁጥርን ከባዶ ነገር ጋር ላነጻጽር አልችልም" የሚል መልእክት አውጥቶ ቆመ። ለእሱ ዐይኑ "ዕ" እና አልፋው "እ" ፈጽሞ የማይተዋወቁ ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ ጸ እና ፀ ሁሉም እንዲሁ። የአማርኛ መምህሮቻችን ስንት ዓመት በቀይ እስክርቢቶ ሲያርሙት የኖሩትን ነገር ኮምፒዩተሩ በአንድ ሴኮንድ አስከበረው! ሌላም አለ፤ ማብሪያዋ የእኛን ነጠላ ሰረዝም እንደ ፊደል ስለምትቆጥር "ሀ፣ለ" ተብሎ ከተጻፈ እንደ አንድ ስም ይወሰዳል። ስለዚህ ሥርዓተ ነጥቡ የእንግሊዝኛው መሆን አለበት፤ ይህን ለልጆች ማስረዳት ቀላል አይሆንም።

ሥራችንን ላንድ መምህራችን ስናሳያቸው ወዲያው ደስ አላላቸውም። "ለመሆኑ ይህ ልጅ ነገ ሌላ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም እንዴት ሊያነብ ነው?" አሉ።

"መምህር፣ የሚለወጡት 22 ቃላት ብቻ እኮ ናቸው" አልኳቸው።

"22 ብቻ ከሆኑማ እንግሊዝኛዎቹን ለምን አታስተምሩትም ታዲያ?"

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ዓለም የሚሠራበት ሉዋ የእንግሊዝኛው ነው፤ የእኛን የሚረዳው ይህ አንድ ማሽን ብቻ ነው። ልጁን በዚያው ማስቀረት በደል ይሆናል። ነገር ግን እኛ የምንመደብባቸው ትምህርት ቤቶች ውስጥ ያለው ልጅ ፕሮግራም ሲጀምር ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይጫነዋል፤ አንዱ አስቦ ቅደም ተከተል ማውጣት፣ ሌላው የማያውቀውን ቃል መሸምደድ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይውጠዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት በአማርኛው አስጀምሮ፣ ሐሳቡን ሲይዝ ሠንጠረዡን ከፍቶ ቃላቱን አንድ በአንድ ወደ እንግሊዝኛ ማዛወር ይቻላል። ቃላቱን የሚያዛውረው ደግሞ ልጁ ራሱ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ያን ጊዜ ቋንቋው ከሰማይ የወረደ አለመሆኑን በዐይኑ ያያል። መምህራችን "በማስተማር ልምምድ ጊዜ ሞክሩትና ውጤቱን አምጡ" ብለውን ተለያየን።

የሉዋ ፈቃድ ምንጩን ለውጦ ማካፈልን የሚከለክል ሳይሆን የሠሪዎቹ የባለቤትነት ማስታወቂያ አብሮ እንዲቀመጥ ብቻ የሚጠይቅ ነው፤ እኛም እንዳለ አስቀምጠነዋል። የፈለገ ፍላሹን ይዞ ይምጣ፤ ዋናውም የተለወጠውም በመስኮቱ በኩል ባለው ሁለተኛው ኮምፒዩተር ላይ አለ።

ያልተፈቱ ቃላት አሉን። "ዱ" ለሁለት ዓይነት ድግግሞሽ ያገለግላል፤ ለአንደኛው "ሳለ" ጥሩ ነበር፣ ለሁለተኛው ግን አይሆንም፤ ለጊዜው "አድርግ" ብለነዋል። "ኖት" ከፊት ይቆማል፣ "አይደለም" ግን ከኋላ። "ሎካል" ለሚለው ደግሞ፣ ማለትም ከተሰየመበት ክፍል ውጪ ለማይታወቅ ስም፣ እስካሁን የሚጥም ቃል አጥተናል። የአማርኛ ትምህርት ክፍል መምህራንና ተማሪዎች ሐሳብ ካላችሁ በዚህ ሰሌዳ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ጣሉልን፤ ቃሉ ከ13 ፊደል ባይበልጥ ይመረጣል።