ከመንገዱ በፊት

ታላቅ እህቴ ሊምፎማ የሚባለው ካንሰር ተገኝቶባት ኬሞቴራፒ ስትጀምር፣ እዚሁ ሐዋሳ አዲስ ከተማ እኔ ቤት ነበር ያረፈችው። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ሦስት ቀን አስታወካት። በአራተኛው ቀን «ከእንግዲህ አልመለስም፤ ጌታ ከፈለገ በቤቴም ይፈውሰኛል» አለች። የታዘዘላት የማስታወክ መከላከያ ኪኒን ግን ሳይነካ ተቀምጦ ነበር። «እስኪብስብኝ በእምነት ልቻለው ብዬ ነው» አለችን።

ለሁለተኛው ዙር እንደምንም ለምነን ስንወስዳት አንዲት ነርስ አጠገቧ ተቀመጠች። «እናቴ፣ ኪኒኑ የሚዋጠው ማቅለሽለሹ ሳይጀምር ነው። ኬሞው አንጀት ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባል ንጥረ ነገር ያስለቅቃል፤ በእሱ በኩል አንጎል እንዲያስታውክ መልእክት ይደርሰዋል። ኦንዳንሴትሮን መልእክቱን መንገድ ላይ ያስቆመዋል። አንዴ ከጀመረ ግን ማስቆሙ ይከብዳል። በማግስቱና ከዚያም በኋላ የሚመጣ ማቅለሽለሽ ስላለ፣ ‹ደህና ነኝ› ብለው አያቋርጡ» አለቻት። ከስቴም ሴል ንቅለ ተከላ በፊት እጅግ የበረታ ኬሞ ለሚወስዱ ሕመምተኞችም እንደ ኦንዳንሴትሮን፣ ዴክሳሜታዞንና አፕሬፒታንት ያሉ መድኃኒቶች ተጣምረው አስቀድመው እንደሚሰጡ ነገረችን።

ያን ማታ 1ኛ ነገሥት 19ን አብረን አነበብን። ኤልያስ ደክሞት ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። ጌታ አልገሠጸውም፤ በመልአኩ እጅ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። በልቶ ተኛ፤ መልአኩም ቀስቅሶ ደግሞ አበላው። ይህ ሁሉ የሆነው ወደ ኮሬብ የሚወስደውን ረጅም መንገድ ከመጀመሩ በፊት ነው። እህቴ ጥቂት ዝም ብላ፣ «ለካ ኤልያስ እንጎቻውን እምቢ አላለም» አለች።

ከዚያ ወዲያ ኪኒኑን በሰዓቱ ዋጠች። ማቅለሽለሹ ጨርሶ አልጠፋም፤ የጠጣችው ሾርባ ግን ሆዷ ውስጥ ረጋላት፣ እንቅልፍም ወሰዳት። ለሦስተኛው ዙር ከሁላችንም ቀድማ የተነሣችው እሷ ነበረች።

ወገኖቼ፣ ማስታወክን መቻል የእምነት መለኪያ አይደለም። ሕመምተኛ ስንጠይቅ «ኪኒኑን ዋጥሽ?» ማለትም አገልግሎት ነው። ሽታው የሚከብድ ወጥ ይዘን አንሂድ፤ በትንሽ በትንሹ የሚቀመስ ይሻላል። በጾም ጸሎት ጊዜ እኛ እንጹምላቸው፤ እነሱ ይብሉ። የታዘዘው መድኃኒት ካልረዳቸው ደግሞ ከቀጣዩ ዙር በፊት ለሐኪማቸው እንዲናገሩ እናበርታቸው፤ የሚጨመር ወይም የሚለወጥ መድኃኒት አለ።

ጌታ ሆይ፣ በሕክምና ወንበር ላይ ያሉትን ልጆችህን አስብ። ለመንገዳቸው ያዘጋጀህላቸውን እንዲቀበሉ አግዛቸው፤ እኛንም እጅህ አድርገን። አሜን።