ያልተጠረገው ጠረጴዛ

ቴአትር ጸሐፊ በኮምፒዩተር ነገር ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ የኮምፒዩተር መምህር የሆነው የእኅቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ያወጋኝ ታሪክ፣ በወጣትነቴ የፈጸምሁትን አንድ በደል ስላስታወሰኝ ይህን ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2021 ማክስ ኬለርማን ለተባለ የፕሮግራም ባለሙያ፣ አንድ የታመቀ የድረ ገጽ ጎብኚዎች መዝገብ ተበላሽቷል የሚል አቤቱታ ይደርሰዋል። አቃንቶት ረሳው። ከወራት በኋላ ግን ብልሽቱ ተደጋገመ። ሲመረምር የተጎዱት በአብዛኛው የወር መጨረሻ ቀን መዝገቦች፣ የተለወጡትም የየፋይሉ የመጨረሻ 8 ባይቶች ሆነው አገኛቸው። ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓተ ክወና ከመወንጀሉ በፊት የራሱን ሥራ ፈተሸ። በመጨረሻም ሁለት አጫጭር ፕሮግራሞች ጻፈ። አንደኛው በፋይል ላይ «ኤ» የሚለውን የላቲን ፊደል ይጽፋል፤ ሁለተኛው ያንኑ ፋይል «ቧንቧ» በሚባለው የመረጃ መተላለፊያ ካሳለፈ በኋላ ወደ ቧንቧው «ቢ»ን ይጽፋል። ወደ ፋይሉ ማንም ያልጻፈው «ቢ» በፋይሉ ውስጥ ተገኘ!

ምክንያቱን የእኅቴ ልጅ እንዲህ ሲል አስረዳኝ፤ «ጋሼ፣ የሥርዓቱ አስኳል ከዲስክ ያነበበውን ፋይል በማኅደረ ትውስታ ገጾች ላይ ያቆየዋል። ቧንቧው ገጹን ሳይገለብጥ ይዋሰዋል። ለተዋሰው ገጽ በሚመደበው ቦታ ላይ ምልክቶች አሉ፤ አንዱ ‹እዚህ መጨመር ይቻላል› የሚል ነው። አዲስ ሲመደብ የቀድሞው ምልክት መጥፋት ነበረበት፤ አልጠፋም።» ጉድለቱ በ2016 ገባ፤ በ2020 ያ ምልክት ሲመጣ አደገኛ ሆነ። ለማንበብ ብቻ የተፈቀደለት ሰው ፋይሉን ሊለውጥ፣ ብሎም የማሽኑ አዛዥ ሊሆን ይችል ነበር። ኬለርማን ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2022 ጥቆማውን ከነማረሚያው ላከ። ማረሚያው በሁለት ቦታ አንዳንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ምልክቱን ዜሮ አድርግ የሚል።

እኔም ወጣት አዘጋጅ ሳለሁ፣ አንድ ምሽት ተዋናይዋ ከጠረጴዛው ላይ ደብዳቤ አንሥታ ማንበብ ጀመረች። ደብዳቤው የትናንቱ ቴአትር ነበር። ተመልካቹ ሳቀ። የመድረክ ዕቃ ያዡን አዛውንት በባልደረቦቻቸው ፊት ዘለፍኋቸው፤ የአምስት ቀን ደመወዛቸውም ተቆረጠ።

ከእኅቴ ልጅ ጋር ባወጋን ማግስት የዚያን ቴአትር የዝግጅት ጽሑፍ ከሣጥን አወጣሁ። ስለ መብራቱ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ መጋረጃው ቀለም ሳይቀር ጽፌአለሁ። በጽሑፍ ያልታዘዘ ዕቃ እንዳይነሣም አጥብቄ አስጠንቅቄአለሁ። ጠረጴዛው ባዶ ይሁን የሚል ቃል ግን የለበትም። ባዶ እንደሚሆን ገምቼ ነበር። ያ ባለሙያ ሌላውን ከመክሰሱ በፊት የራሱን መርምሯል፤ እኔ ግን ፈረድሁ።

አዛውንቱ ጡረታ ከወጡ ቈይተዋል። ቤታቸው ሄጄ ጽሑፉን በእጃቸው ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡና አጥፈው መለሱልኝ።

«ልጄ፣» አሉኝ፤ «ያን ጊዜም አንብቤው ነበር።»