እንግሊዝኛ አውቃለሁ ብዬ ለንደን ገባሁ!

እናንተዬ፣ ሰው የሚያውቀውን ቋንቋ እንደገና ይማራል? እኔ ተምሬያለሁ! ስድስት ዓመት ሙሉ ዋሽንግተን ውስጥ የሠራሁበትን፣ የተጣላሁበትን፣ የታረቅሁበትን እንግሊዝኛ ለንደን ስገባ እንደ ሀሁ ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ትምህርቱ ደግሞ በነፃ አልነበረም። ለጥቂት ከእንጀራዬ ሊያፈናቅለኝ ነበር። እንዴት አትሉም? ተከተሉኝ!

ለንደን የሄድኩት እ.ኤ.አ. በ2016 መስከረም ላይ፣ ለአንድ ዓመት ትምህርት ነው። ጓደኞቼ ዩ ስትሪት አካባቢ ካሉት ያበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ክትፎ ጋብዘው ሲሸኙኝ፣ «ቋንቋው እንደሆነ ያው ነው፣ ምን ትቸገራለህ!» ብለው መረቁኝ። እኔም አሜን ብዬ በረርኩ።

ጉዱ የጀመረው ገና ከበሩ ነው። ፊንስበሪ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ክፍል ያከራየኝ ሰውዬ «ክፍልህ ፈርስት ፍሎር ላይ ነው» ብሎኛል። አሜሪካ ውስጥ ፈርስት ፍሎር ማለት ከመንገድ እንደገባችሁ የምትረግጡት ምድር ቤቱ ነው። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ገባሁና ምድር ላይ ያገኘሁትን በር በቁልፌ እታገለው ጀመር። በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ፎጣ ያገለደመች ሴት ቆማ ታፈጥብኛለች! ለካ እንግሊዞች ፎቅ የሚቆጥሩት እንደኛ ነው። እኛ አዲስ አበባ «ጂ ፕላስ ዋን» ስንል ምድሩን ትተን ከላዩ ያለውን አንድ እንደምንለው ማለት ነው። ያገሬን አቆጣጠር አሜሪካ አስረስቶኝ ኖሯል።

ለኪራይ እንዲሆነኝ አንድ ሆቴል ውስጥ በእንግዳ መቀበያው የማታ ሥራ አገኘሁ። የሦስት ወር ሙከራ ነው። የመጀመሪያው ዕለት የለንደን ዝናብ መንገድ ላይ አግኝቶ አበሰበሰኝ። አብራኝ የምትሠራውን ልጅ፣ «ይቅርታ፣ ፓንቴ ረጥቧል፣ የት ላድርቀው?» አልኳት። ልጅቷ ቀይ ሽንኩርት መሰለች። እኔ እንደ አሜሪካኖቹ ሱሪዬን ማለቴ ነበር። እነሱ ሱሪን ፓንትስ ነው የሚሉት። ለንደን ውስጥ ግን ፓንትስ ያው እኛ ፓንት የምንለው የውስጥ ልብስ ነው! እዚህም ላይ እንግሊዞቹ ከኛ ጋር ናቸው። አዲስ አበባ ሳለሁ የማውቀውን ቃል አሜሪካ ሄጄ አጥፍቼ፣ ለንደን ላይ ተዋረድኩበት።

የምንኖርበት ቤት ደግሞ የባቢሎን ግንብ ማለት ነው። ከላይ አንድ አውስትራሊያዊ አለ። አንድ እሑድ «ቶንጌን አጥልቄ ሱቅ ደርሼ ልምጣ» ሲል ደነገጥኩ። አሜሪካ ቶንግ ማለት ከክር የማይሻል የሴት የውስጥ ልብስ ነው። ሰውዬው ግን ነጠላ ጫማውን ፈልጎ፣ አጥልቆ፣ ቷ ቷ እያደረገ ወጣ። እነሱ አገር ቶንግስ ነጠላ ጫማ ነው!

ከጎኔ ያለችው ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊት ናት። የአገሯን መንገድ ስታስረዳኝ «ሮቦቱ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ» አለችኝ። ሮቦት የሚሉት የትራፊክ መብራቱን ነው። አንድ ቀን ሲኒማ አብረን ልንገባ ተቀጣጠርንና «ጀስት ናው እመጣለሁ» አለችኝ። ካፖርቴን ለብሼ በር ላይ ቆምኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ! ለነሱ ጀስት ናው ማለት «በኋላ፣ ሲመቸኝ» ማለት ነው። ቶሎ ለሚመጣው «ናው ናው» ይላሉ። ተናድጄ ላኮርፍ ስል ትዝ አለኝ። እኛስ ብንሆን ከቤት ስንወጣ «መጣሁ!» አይደል የምንለው? እግራችን እየሄደ አፋችን መጣሁ ይላል። ምን አፍ አለኝ!

ከሰሜን እንግሊዝ ከሊድስ የመጣች አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ነገ ማታ ቤቴ ለሻይ ና» አለችኝ። ሻይ ነው ብዬ ካሌዶኒያን ሮድ ካሉት ያበሻ ቤቶች በአንዱ ጥብስ በእንጀራ እስኪበቃኝ በልቼ ሄድኩ። ስገባ ጠረጴዛው በሥጋ፣ በድንችና በአትክልት ተሞልቷል! እነሱ ዘንድ ሻይ ማለት እራት ነው። እንቢ እንዳልል ነውር ነው፣ እንዳልበላ ሆዴ ሞልቷል። ያን ሌሊት እንዴት እንዳደርኩ እኔና ትራሴ ነን የምናውቀው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም የሚያስቅ ነው። አሁን ወደማያስቀው ልምጣ።

የሆቴሉ አለቃዬ ከኔ አምስት ዓመት ቢበልጠኝ ነው። ቁጥብና ትሑት ልጅ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቁጭ አድርጎ ስለሥራዬ ያነጋግረኛል። «ሥራህ ኳይት ጉድ ነው» ይለኛል። አሜሪካኖች ኳይት ጉድ ሲሉ በጣም ጥሩ ማለታቸው ነው። ስለዚህ ደረቴን ነፍቼ እወጣለሁ። ደግሞ ጨመር አድርጎ፣ «የእንግዶቹን መዝገብ ምናልባት አንድ ጊዜ መለስ ብለህ ብታየው ደስ ይልህ ይሆናል» ይለኛል። እኔም «ምናልባት» ካለማ ግዴታ አይደለም ብዬ እተወዋለሁ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አለኝ፣ ሦስት ጊዜም ተውኩት። እህቴ ጋ ደውዬ «በቋሚነት መቀጠሬ ነው፣ አለቃዬ በጣም ወዶኛል» አልኳት። እሷም እልል አለች።

ሙከራው ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደብዳቤ ደረሰኝ። ደጋግመን ብንነግርህም አላሻሻልክም፣ ስለዚህ ሥራህ ላይቀጥል ይችላል ይላል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ማን ነገረኝ? መቼ ነገረኝ? የተንኮለኛ ሥራ ነው፣ ዘረኝነት ነው ብዬ ተንጨረጨርኩ። መልቀቂያ ጽፌ ጠረጴዛው ላይ ልወረውርለት ወረቀት ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

ያዳኑኝ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ አንዲት ስኮትላንዳዊት የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ነገሩን ከነገርኳቸው በኋላ ሳቁና «ልጄ፣ እዚህ አገር ኳይት ጉድ ማለት ደህና ነው፣ ብዙም አይደለም ማለት ነው። ምናልባት ብታየው ማለት ደግሞ አሁኑኑ አስተካክል ማለት ነው» አሉኝ። ለካ ጉዱ የኔ ኖሯል!

አልፈው አንድ ታሪክ አጫወቱኝ። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1951፣ ኢምጂን ወንዝ ዳር የእንግሊዝ ብርጌድ በቻይና ጦር ይጠቃል። የብርጌዱ አዛዥ ለአሜሪካዊው ጄኔራል «ነገሩ ትንሽ ያጣብቃል» ብለው አመለከቱ ይባላል። እንግሊዛዊ ቢሰማው «አለቅን፣ ድረሱልን!» ማለት እንደሆነ ያውቃል። አሜሪካዊው ግን ትንሽ ሲባል ትንሽ መሰላቸው። የግሎስተር ሻለቃ ተከቦ ቀረ፣ 500 ያህል ወታደሮችም ተማረኩ። ለሽንፈቱ ያቺ ቃል ብቻ ምክንያት ናት አይባልም። እኔ ግን ይህን ስሰማ የኛው የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የደረሰው በወሩ መሆኑ ትዝ ብሎኝ ቀዘቀዝኩ። አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ሁለት አዛዦች እንዲህ ከሆኑ፣ በአስተርጓሚ የሚዋጋ ሰው ምን ይሁን?

በማግሥቱ መልቀቂያውን ትቼ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። «እባክህ፣ እንግሊዝኛ እንደማላውቅ ቁጠረኝና ጥፋቴን አንድ ሁለት ብለህ በግልጥ ንገረኝ» አልኩት። ፊቱ ቀላ። ወረቀት አወጣና መዝገብ ማዘግየቴን፣ ስልክ ሳነሳ የሆቴሉን ስም አለመጥራቴን፣ ቁልፍ ሳስረክብ አለማስፈረሜን ነገረኝ። ሦስቱም እውነት ነበሩ! «ለምን እንዲህ አልነገርከኝም?» ስለው «ነግሬህ ነበር እኮ። ከዚህ በላይ መናገር ስድብ መሰለኝ» አለኝ። ሰውዬው ለካ ክብሬን ሲጠብቅ ኖሯል። እኛስ እንግዳ ቤት ገብተን እየራበን «በልቻለሁ» ስንል አስተናጋጁ እንዲግደረደረን አይደል የምንጠብቀው? ባህሉን የማያውቅ ፈረንጅ ግን «እሺ» ብሎ ሣህኑን ያነሳዋል!

አንድ ወር ተጨመረልኝ። ሥራዬን አስተካከልኩ። በወሩ መጨረሻ አለቃዬ መዝገቡን አገላብጦ አየና «ኖት ባድ» አለኝ። ቃል በቃል «መጥፎ አይደለም» ማለት ነው። የዋሽንግተኑ እኔ ቢሆን ያኮርፍ ነበር። የለንደኑ እኔ ግን ከቢሮው ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ እስክስታ ልመታ ምንም አልቀረኝ! በዚያው ሳምንት በቋሚነት ተቀጠርኩ። እህቴም ሁለተኛ እልል አለች።

እናንት ውጭ አገር ለመሄድ የምታስቡ ወጣቶች፣ እዚሁ ከፈረንጅ ጋር የምትሠሩም፣ ምክሬ አጭር ነች። የማታውቁት ቃል ብዙም አይጎዳችሁም። አለማወቃችሁን ስለምታውቁ ትጠይቃላችሁ። የሚጎዳችሁ በደንብ አውቀዋለሁ ብላችሁ የምትዘሉት ቃል ነው። ሰው ሳቀባችሁ፣ አኮረፋችሁ ወይም ደብዳቤ ጻፈባችሁ ማለት ጠላችሁ ማለት አይደለም። ከመቆጣታችሁ በፊት «ምን ማለትህ ነው?» በሉ። እኔ ይህችን ጥያቄ ሦስት ወር ዘግይቼ ስለጠየቅሁ ለጥቂት የቤት ኪራይ አጥቼ ነበር።

ይኸው ነው። አሁን መጣሁ! የአበሻውን «መጣሁ» ማለቴ ነው፣ አትጠብቁኝ። ቸር ይግጠመን!